የሐሰት ውጤት የተነገረው ተሳታፊ እንዴት ይሸኝ?

ሰላም፣ አንድ ቦታ ላይ ተይዣለሁና እርዱኝ። በማካሂደው ጥናት፣ 60 ጥያቄ ያለውን የሬቨን ፈተና (በሥዕላዊ ቅርጾች የማሰብ ችሎታን የሚለካ) ከሠሩ በኋላ፣ በዕጣ የተለዩ ግማሾቹ ተሳታፊዎች «ውጤትዎ ከአማካይ በታች ነው» ይባላሉ። ውሸት ነው፤ የሚለካው ውድቀት በቀጣዩ ሥራ ላይ የሚያሳድረው ጫና ነው።

ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮስ፣ ሌፐርና ሃባርድ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳሳዩት፣ «ውጤቱ የፈጠራ ነበር» ማለት ብቻ አይበቃም። ሰውየው ለውድቀቱ ምክንያት ደርድሮ ጨርሷላ! ስለ ራሱ የያዘው ግምት ለምን እንደማይለቀው ጭምር ማስረዳት የተሻለ ይሠራል። ግን መቼ? የዕጣውን ወረቀት ከማሳየቴ በፊት ወይስ በኋላ?

ደግሞስ በመሃል አቋርጦ የሚወጣው ሰው ያን ውሸት ይዞ እንዳይሄድ ምን ይደረግ? የፈቃድ ቅጹ «አንዳንድ መረጃ እስከ መጨረሻ ሊዘገይ ይችላል» ይላል፤ እሱ እንኳ ለእኔ ማምለጫ ነው የሚመስለኝ።