አዌቱን ይዤ ምክር ቤት ልግባ?

የወንዝ ዳር ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው። የቤታችን ጓሮ አዌቱ ወንዝ ዳር ነው። ክረምት ላይ ውሃው ግቢያችን ድረስ ይገባል። ሲጎድል አጥሩ ላይ ፌስታልና የጫት ገራባ አንጠልጥሎ ይሄዳል። አምና እናቴ ጀበናዋን ከጭቃ ውስጥ ቆፍራ ነው ያወጣችው። ከሰፈር ልጆች ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዙን አጽድተናል። ሰኞ ያው ነው። አሁን የሰፈር ሽማግሌዎች «ተወዳደርና ምክር ቤት ግባ» እያሉኝ ነው። አካባቢ ጥበቃን ይዞ ከተማ አስተዳደር ገብቶ የምር ነገር የለወጠ ሰው አለ? ወይስ ትርፉ ስብሰባ ነው?

ንድፍ፦
አለ ወንድሜ። ዣይሜ ሌርነር የሚባል ብራዚላዊ አርክቴክት ነበር። የኩሪቲባ ከተማ ከንቲባ ሆኖ ሦስት ጊዜ ሠርቷል። በ1971 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ተሹሞ ነው፤ ሦስተኛውን ግን ሕዝብ መርጦታል። ከተማዋን ጎርፍ ያስቸግራት ነበር። እሱ ወንዝ ዳሩን ለውሃው ለቀቀለት፤ መናፈሻና ሐይቅ አደረገው። ወንዙ ሲሞላ ውሃው መናፈሻው ላይ ይተኛል። ሣሩን ደግሞ በጎች ይግጡታል!
እኔ በጣም የምወድለት ግን የቆሻሻውን ነገር ነው። የቆሻሻ መኪና የማይገባባቸው የድሃ ሰፈሮች ነበሩ። ነዋሪው ቆሻሻውን በከረጢት ይዞ ሲመጣ የአውቶቡስ ትኬት ይሰጠዋል፤ በኋላ ደግሞ አትክልት። ቆሻሻ የሚያወጣው ሰው የሚያገኘው ነገር ነበረ ማለት ነው።

የቀድሞ ተመራጭ፦
ልጄ፣ እኔ አንድ ዙር ተመርጬ አገልግያለሁ፤ የት እንደሆነ ይቅር። ረግረግ ላይ አፈር እየተቆፈረ ጡብ ይሠራ ነበር። «ይቁም» ብዬ ተነሳሁ። ተጨበጨበልኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን የለም! ሦስት ወር ተመላለስኩ፤ «ነገ ተመለሺ» ነው መልሱ። አንድ ማታ ጡብ ሠራተኞቹ ቤቴ መጡ። አንዱ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነበር። «ልጆቻችንን ምን እናብላ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ አስቀድሜ እነሱን ማነጋገር ነበረብኝ።
ከገባህ ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ ከአዳራሽ አትውጣ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ ጥያቄህን ሰኔ መጨረሻ ላይ ይዘህ ብትመጣ አልፎሃል። ገራባ የሚጥሉትን ሰዎችስ ታውቃቸዋለህ?

ቦዬ፦
የቦዬን ረግረግ አትርሱት እንጂ! አዌቱ ከከተማ የተሸከመው ወደዚያ ነው የሚወርደው። አባቴ ልጅ ሆኜ ጉማሬ ሊያሳየኝ እዚያ ይወስደኝ ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። ስትወዳደር እሱን ያዝ።

የወንዝ ዳር ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ፣ ጥያቄዎ እንቅልፍ ነሳኝ። ዛሬ ከድልድዩ እስከ አጥራችን ጫት የሚሸጡትን ቆጠርኩ፤ 11 ናቸው። ሁሉንም አናገርኳቸው። «የሚወስድልን ካለ ለምን ወንዝ እንጥላለን?» አሉኝ። ከኛ በላይ ፍየል የሚያረቡ ሴትዮ አሉ፤ ገራባውን በየቀኑ እወስዳለሁ ብለዋል። የሚያስፈልገው ማዳበሪያ ከረጢትና ጋሪ ነው። ምርጫውን እገባበታለሁ። ጋሪውን ግን ለቅዳሜ አገኛለሁ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ድልድዩ ጋ ነን። እትዬ፣ ቅርብ ከሆኑ ይምጡ።