ረቂቅ ሁለት፦ የጉበት ምርመራ ለሀዋሳ ፀጉር ቤቶች፤ አስተያየት እስከ ዓርብ

ፀሐፊዋ፣ ሰኞ ማታ
የፀጉር ቤቶች ማኅበራችንን ፕሮፖዛል ረቂቅ ሁለት ለጥፌያለሁ። እንደወትሮው እያንዳንዱ አባል በሰፈሩ ወይም ባለበት ከተማ ስም ይጻፍ። እስከ ግንቦት 20 ለጤና መምሪያ ካላስገባን የሐምሌ 1 በጀት ያልፈናል። ባለፈው ዓመት በአምስት ቀን ዘግይተን ምን እንደተባልን ታውቃላችሁ። ሐሳቡ ያው ነው። በ86ቱም ሱቆቻችን የሚሠራ ሁሉ ጉበትን ለሚያጠቁት ሁለት ቫይረሶች፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ይመርመር። ከቢ ነጻ የሆነ ሰው የቢን ክትባት ይጀምር። የተገኘበት ክትትል ወደሚያገኝበት ሆስፒታል ይላክ። ሐምሌ 21 የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ስለሆነ ያን ቀን እንጀምር ብያለሁ። ርዕሱ "የወፍ በሽታ ምርመራና ክትባት ለፀጉር ቤት ሠራተኞች" ነው።

ሀይቅ ዳር
ርዕሱ ላይ "የወፍ በሽታ" የሚለው ይውጣ።

አቶቴ
ለምን ይወጣል? እናቴም አያቴም የሚሉት የወፍ በሽታ ነው። ሄፓታይተስ ብላችሁ ብትጽፉ ግማሹ አባል አያነበውም። ያነበበውም ለሌላ ሰው ነው ብሎ ያልፈዋል።

ሀይቅ ዳር
ጋሼ፣ የወፍ በሽታ ሲባል ሰው የሚያስበው ዓይኑ ቢጫ የሆነውን ነው። የሌሊት ወፍ በላዩ ያለፈችበትን ነው። "የኔ ዓይን ነጭ ነው" ብሎ ማንም አይመጣም።

አረብ ሰፈር
ልክ ናት። ፀጉር ቤት ሳልከፍት ስድስት ዓመት ላብራቶሪ ሠርቻለሁ። ፖዘቲቭ ሆኖ ያየሁት አብዛኛው ሰው አንድም ቦታ አላመመውም። ለእርግዝና ክትትል የመጣች ናት፣ ደም ሊለግስ የመጣ ነው። ቢ ጉበት ውስጥ ሃያ ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዓይን ቢጫ እስኪሆን ከተጠበቀ ጉበቱ ተጎድቷል።

አቶቴ
ዝም ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ ስሙ ምን ለውጥ ያመጣል? እኔ የምለው ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ይጻፍ ነው።

ባህል አዳራሽ
በሚያውቀው ቋንቋ ከተባለ ሲዳምኛስ? ባነሩ በሁለቱም ይሁን ተብሎ ነበር። ረቂቁ ላይ የለም።

ታቦር
ሲዳምኛውን እኔ እጽፋለሁ። የመመርመሪያ ኪቱንም ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ አመጣለሁ። እስከ ረቡዕ።

ፀሐፊዋ
ተመስገን። ታቦር፣ ረቡዕ ማለት ረቡዕ ነው።

ፒያሳ
የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። "ፀጉር ቤት" የሚለው ቃል ከበሽታ ስም ጎን ለምን ይቀመጣል? ደንበኛ ባነሩን ሲያይ በሽታው ከኛ የሚመጣ ነው የሚመስለው። ሃያ ዓመት የገነባሁት ስም ነው። ሐምሌ ላይ ወንበሬ ባዶ ቢሆን ማን ይከፍለኛል?

አረብ ሰፈር
ወንድሜ፣ ከምላጭ ይመጣል እኮ። የቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ፣ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው የሚጠቀም ሱቅ ከመካከላችን እንዳለ እኔም አንተም እናውቃለን። ግን መጀመሪያ የሚጎዳው አንተ ራስህ ነህ። ስንት ጊዜ ጣትህን ቆርጠሃል? ሕፃናት በአምስት ለአንዱ ክትባት (አምስት በሽታ የሚከላከለው አንድ መርፌ) ውስጥ የቢን መከተብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን በሕፃንነታችን አላገኘነውም። ማለትም እኛ ሁላችንም።

አቶቴ
ወደ ርዕሱ እንመለስ። እኔ የወፍ በሽታ ይቅር ከተባለ አልፈርምም።

ሀይቅ ዳር
እኔ ደግሞ ካልወጣ አልፈርምም። እህቴ በዚህ ስም ምክንያት ነው ሁለት ዓመት መድኃኒተኛ ቤት የተመላለሰችው። ቅጠል ስታጠጣ የከረመችው ሴትዮ እስከ መጨረሻው "ወፉ ወጥቷል" ትላት ነበር።

አቶቴ
አላወቅሁም ነበር። እግዜር ያጽናሽ። ግን ስሙ አይደለም የገደላት።

ፀሐፊዋ
አልሞተችም ጋሼ። እባካችሁ።

አቶቴ
ይቅርታ። ቸኩዬ ነው ያነበብኩት። ይቅርታ ልጄ።

መናኸሪያ
ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ስም እየተጻፈ ነው። እኔ ልናገር። ሜዲካል የወደቅኩት እኔ ነኝ። ብዙዎቻችሁ ደላላው ገንዘቤን በልቶ ነው የቀረሁት ብላችሁ ነው የምታውቁት። አይደለም። አረብ አገር ለመሄድ የተመረመርኩበት ቦታ ያለችው ልጅ "ጉበት አለብህ፣ ቀጣይ" አለችኝ። በቃ። ፓስፖርቴን ሰጠችኝ። ቀጥሎ የት ልሂድ፣ ሚስቴን ምን ልበላት፣ አንድ ቃል የለም።

ሁለት ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። ለብቻዬ ሳህን ገዛሁ። ልጄ ከብርጭቆዬ ስትጠጣ ጮህኩባት። በወንድሜ ሠርግ ጉርሻ እምቢ ብዬ እናቴ አለቀሰች። በኋላ አረብ ሰፈር ነው በጉርሻም በብርጭቆም እንደማይተላለፍ የነገረኝ። ሚስቴን አስመረመርኩ፣ ነጻ ናት፣ ተከተበች። እኔ በየስድስት ወሩ ደሜን እታያለሁ። መድኃኒት ገና አያስፈልግህም ብለውኛል። ይኸው እየሠራሁ ነው።

ስለዚህ ምርመራ ብቻ ከሆነ እኔ እቃወማለሁ። ሰው ውጤቱን ይዞ የሚሄድበት ቦታ መጀመሪያ ይጻፍ። ርዕሱን እንደፈለጋችሁ።

ጅዳ
ወንድሜ፣ እኔም ሳልሰማ ቀርቼ። አይዞህ። እዚህ ያለሁበት አገር፣ ሳውዲ፣ ለጋብቻ ሁለቱም ካልተመረመሩ ወረቀት አይሰጥም። ቢ እና ሲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ገብተውበታል። አብሮኝ የሚሠራ ግብፃዊ ደግሞ ሲ ነበረበት። አገሩ ለዕረፍት ሲሄድ በቀበሌው ተመርምሮ ነው የታወቀው። ሦስት ወር ኪኒን ዋጠ፣ ዳነ። አንድ ሳንቲም አልከፈለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረ ዘመቻ ነው፣ ወደ 60 ሚሊዮን ሰው መርምረው ከ4 ሚሊዮን በላይ አክመዋል። ይህን ፕሮፖዛሉ ላይ ጻፉት። መምሪያው ይቻላል እንዴ ካለ ተችሏል በሉት።

ፒያሳ
የግብፅ ስም እኛ ፕሮፖዛል ላይ አይገባም። በአባይ ጉዳይ ስንት ነገር ያደረጉብንን አርአያ ናቸው ብዬ አልፈርምም።

ጅዳ
ስለ አባይ ማን አወራ? ስለ ጉበት ነው የማወራው!

አረብ ሰፈር
ተረጋጉ። ግብፅ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው የተያዘው እኮ በራሳቸው ዘመቻ ነው። ለቢልሃርዚያ ሕዝቡን በመርፌ ሲያክሙ መርፌው በደንብ ሳይቀቀል ከሰው ሰው ዞረ። በኋላ ያንኑ አምነው ሕዝቡን መረመሩ። የሚጠቅመን ይህ ነው። ምላጭም መርፌም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲን ለማጥፋት በሚወስደው መንገድ የዓለም ጤና ድርጅትን የወርቅ ደረጃ ያገኙ የመጀመሪያዋ አገር ሆነዋል።

ፀሐፊዋ
ሩዋንዳ ትግባ። እሷም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሲን በአምስት ዓመት አጠፋለሁ ብላ ሕዝቧን መርምራለች። አፍሪካ ናት፣ ከማንም ጋር አታጣላንም።

አረብ ሰፈር
ይሁን። ግን አንድ ነገር አትርሱ። ኪኒን በልቶ የሚዳነው ሲ ነው። እኛ አገር ይበልጥ የተስፋፋው ቢ ነው። ቢ በመድኃኒት ይያዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚድነው ጥቂት ነው። መከላከያው ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት የቢ እና የሲ ሸክም ሁለት ሦስተኛው ያለው በአሥር አገሮች ነው ይላል። ኢትዮጵያ አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በዓለም ቢ ካለባቸው መያዛቸውን ያውቁ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ጻፉት፣ የማንም አገር ስም አያስፈልገውም።

ፒያሳ
ይህ ደህና ነው።

ባህል አዳራሽ
ውጤቱ ማን እጅ ይገባል? ስሜ መምሪያ ከደረሰ ንግድ ፈቃዴን አያድሱልኝም። ይህ ካልተመለሰ የኔ ሦስት ልጆች አይመረመሩም።

ፀሐፊዋ
ውጤቱ ለተመርማሪው ብቻ። ማኅበሩም አያይም። መምሪያው የሚያገኘው የተመረመረውን ቁጥር ነው። ቁጥር 6 ላይ ጨምሬዋለሁ።

ባህል አዳራሽ
አያይም ማለት ቀላል ነው። ሰልፍ ላይ ማን ወጥቶ ማን እንደቀረ ሁሉም ያያል።

አረብ ሰፈር
ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው። ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ሐምሌ 21 ከጀመርን ነሐሴ 21፣ ከዚያ ጥር 21። የአንድ ቀን ዝግጅት አድርጋችሁ አትጻፉት። ሁለት ወስዶ የቀረ ሰው ጨርሻለሁ እንዳይል።

አቶቴ
ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ናት።

አረብ ሰፈር
በ22 ይሁን ጋሼ። አንድ ቀን ችግር የለውም።

ገንዘብ ያዥ
ካዝና ውስጥ ያለው 41 ሺህ ብር ነው። ለሦስት ዙር ክትባት ከራሳችን እንጨምር የሚል ሐሳብ ካለ አይደርስም። እኔ የማቀርበው ስቴራላይዘር ሳጥን ነው። ሰማያዊ መብራት ያለው። ለእያንዳንዱ ሱቅ አንድ። መምሪያው ግማሹን ይሸፍን፣ ግማሹን ስፖንሰር እንፈልግ። ደንበኛ ያየዋል። የፒያሳም ቅሬታ ይመለሳል፣ በሽታ ሳይሆን ንጽሕና ነው የምናስተዋውቀው።

ፒያሳ
ይህን እፈርማለሁ።

ባህል አዳራሽ
እኔም።

አቶቴ
ሳጥኑ ከመጣ የርዕሱ ነገር ያልቃል። እኔም አለሁበት።

አረብ ሰፈር
ያ ሳጥን የጸዳ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ደም የነካውን ቶንዶስ አያጸዳም። ለደም በረኪና አለ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ አለ። ሁለቱም ከሳጥኑ በብዙ ይረክሳሉ። እኔ የምመረምረው ሰው ነበር፣ ሳጥን አይደለም።

ገንዘብ ያዥ
ምርመራውን ማንም አላወጣም። አብሮ ይሄዳል።

ፀሐፊዋ
ታቦር፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ፕሮፎርማው?

ፀሐፊዋ፣ ቅዳሜ
ታቦር ስልክ አያነሳም። የኪት ዋጋ ከሌለ የምርመራውን በጀት መሙላት አልችልም። ሲዳምኛውን የጎረቤቴ ልጅ ጽፋልኛለች። የሳጥኑን ፕሮፎርማ ገንዘብ ያዥ በአንድ ቀን አምጥቷል።

ፀሐፊዋ፣ ግንቦት 19
ነገ ጠዋት ይገባል። ርዕሱ "የፀጉር ቤቶች የንጽሕና ሳምንት" ሆኗል፣ 71 ሰው ፈርሟል። ሳጥን ቁጥር 1 ነው። በየሱቁ በር የሚለጠፈው ስቲከር ቁጥር 2። የምላጭና የበረኪና ሥልጠና ቁጥር 3፣ አረብ ሰፈር ይሰጣል ብያለሁ። ምርመራና ክትባት ቁጥር 4፣ "መምሪያው ኪትና ክትባት ካቀረበ" በሚል። መናኸሪያ የጠየቀው፣ የተገኘበት ሰው የሚላክበት፣ ቁጥር 4 ሥር አንድ መስመር አለ። ከዚህ በላይ ማስገባት አልቻልኩም። አዝናለሁ።

መናኸሪያ
አንድ መስመር የሆስፒታሉ ስም አለው?

ፀሐፊዋ
የለውም። "አግባብ ወዳለው ተቋም" ነው የሚለው።

መናኸሪያ
የምሄድበትን ስም እልክልሻለሁ። ሳይገባ ጨምሪው።

ፀሐፊዋ
ዛሬ ማታ ላክልኝ፣ እጨምረዋለሁ።

አረብ ሰፈር
ሥልጠናውን እሰጣለሁ። እኔና ሁለቱ ልጆቼ ሐሙስ ሁለት ሰዓት በራሳችን ልንመረመር እንሄዳለን። ፈልጎ የሚመጣ ካለ አሞራ ገደል መታጠፊያው ጋ እንገናኝ።

ሀይቅ ዳር
እኔ እመጣለሁ። የጥፍር የምትሠራዋን ልጅም ይዤ።

አቶቴ
ሐሙስ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል? ጠዋት አንድ ሙሽራ አለብኝ።

ገንዘብ ያዥ
ስቲከሩ ላይ የስፖንሰሩ ምልክት ከላይ ነው ከታች? አታሚው እየጠበቀኝ ነው።