ኮርስ ጨርሰው የሚጠፉ የመረብ ኳስ ዳኞችን እንዴት እናቆያቸው?

ዳኛ መዳቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የአማተር መረብ ኳስ ሊግ ዳኞችን የምመድበው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ጀማሪዎችን እንመለምላለን፣ ኮርስ እንሰጣለን፣ እንፈትናለን። ውድድሩ ሲጋመስ ግን ብዙዎቹ ስልክ አያነሱም።

ህጉን አያውቁም እንዳልል ፈተናውን በጥሩ ውጤት ነው የሚያልፉት። የመረቡ ከፍታ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር መሆኑን፣ ሰርቭ (ጨዋታ ማስጀመሪያው ምት) ከፊሽካው በኋላ በ8 ሰከንድ ውስጥ መመታት እንዳለበት፣ ሁሉንም በቃላቸው ይዘውታል። ሜዳ ሲገቡ አንድ አሰልጣኝ ጮኾ ከተናገራቸው ግን ያ ሁሉ ይጠፋባቸዋል። ከዚያ "ፈተና ደረሰብኝ"፣ ከዚያ "ሥራ በዛብኝ"፣ ከዚያ ዝም።

ሸክሙ የሚወድቀው ነባሮቹ ላይ ነው። በአንድ ቀን ጨዋታ በጨዋታ ላይ ሲዳኙ ይውላሉ፤ እነሱም ሰው ናቸው፣ ደክሟቸዋል። ችግሩ ገንዘብ ነው የሚሉኝ አሉ። ክፍያው ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የሄዱትን ሳነጋግራቸው መጀመሪያ የሚያነሱት ገንዘብን አይደለም። "አጠገቤ ማንም አልነበረም" ነው የሚሉኝ። ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ከየት ነው ሰው የምታገኙት? ከኮርሱ በኋላስ ምን ታደርጋላችሁ? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።

ነባር ዳኛ፦

ወንድሜ፣ እነዚያ ልጆች እውነታቸውን ነው። ለብዙ ዓመታት ዳኝቻለሁ፣ አሁን ጀማሪ አሰለጥናለሁ። ኮርሱ የሚሰጣቸው ህግ ነው። ሜዳ ላይ የሚያስፈልጋቸው ግን ዓይን ነው።

ጀማሪ ዳኛ ሁሉ ኳስ ይከተላል። ተመልካች ሆኖ ያደገበት ልማድ ስለሆነ አይፈረድበትም። ሁለተኛ ዳኛ፣ ማለትም ከዋናው ዳኛ ማዶ መሬት ላይ የሚቆመው፣ ግን ኳስ እየተከተለ ሥራውን ሊሠራ አይችልም። ሰርቭ ሲመታ የተቀባዩን ቡድን አቋቋም ማየት አለበት። አጥቂው ሲዘል ዓይኑ መረቡ ላይ ይሆናል፣ ኳሷ ከሄደች በኋላም እዚያው ይቆያል። ብሎክ የወጣ፣ ማለትም ጥቃቱን ለመመከት መረቡ ላይ የዘለለ ተጫዋች ብዙ ጊዜ መረብ የሚነካው ሲወርድ ነው። እግሩ የመሐል መስመሩን ሙሉ በሙሉ አልፎ የሚያርፈውም ሲወርድ ነው። ኳሷ የት ወደቀች ብሎ ዞር ያለ ዳኛ ይሄ ሁሉ ያመልጠዋል፤ ጩኸቱም ከዚያ ይጀምራል።

ስለዚህ ጀማሪውን መጀመሪያ የምወስደው ወደ ቡድን ልምምድ ነው። ሁለተኛ ዳኛ የሚቆምበት ቦታ አቆመዋለሁ፣ ፊሽካ ግን አልሰጠውም። "ኳስ እንዳታይ" እለዋለሁ። ከእያንዳንዱ ጥቃት በኋላ እጠይቀዋለሁ። ብሎክ የወጡት እነማን ናቸው? መረብ የነካ አለ? የት አረፉ? መጀመሪያ ላይ ግራ ይጋባል፤ እኔ ስለ እግር ስጠይቀው እሱ ኳሷ ውጭ እንደወጣች ይነግረኛል። እየቆየ አንገቱ መዞር ያቆማል። ያኔ ፊሽካውን ይረከባል።

ፊሽካም ልምምድ ይፈልጋል። የፈራ ሰው ፊሽካ ያስታውቃል፤ ቀጭንና የተቆራረጠ ነው፣ ክርክር ይጋብዛል። አንዴ፣ ጠንከር አድርጎ ይንፋ። ቀጥሎ እጁ ይናገር፦ የጥፋቱ ዓይነት፣ ካስፈለገም ጥፋቱን የሠራው ተጫዋች፣ ከዚያ ዋናውን ዳኛ ተከትሎ ሰርቭ የሚያደርገው ቡድን። ምልክቱን አሳይቶ ለአፍታ ያቆየው። ቶሎ የወረደ እጅ የተጠራጠረ ሰው እጅ ይመስላል።

ሌላው ምደባ ነው፣ እሱ ያንተ ሥራ ነው። ጀማሪን ከጀማሪ ጋር በፍጹም አትመድብ። ነባሩ ዋና ዳኛ ሆኖ ላይ፣ መረቡ ጫፍ ካለው ማማ ላይ ይቁም፣ ጀማሪው ታች ሁለተኛ ዳኛ ይሁን። ጨዋታው ሲያልቅ ነባሩ ለጀማሪው አንድ ነገር ብቻ ይንገረው። አሥር ስህተት የተዘረዘረለት ልጅ ቤቱ ሲደርስ የሚያስታውሰው ኀፍረቱን ብቻ ነው።

ከመዝጋቢ ጠረጴዛ፦

ከየት ነው ሰው የምታገኙት ላልከው፣ ጠረጴዛውን ተመልከት። እኔ ከነጥብ መዝጋቢነት ነው ወደ ዳኝነት የመጣሁት። መዝጋቢ የአሰላለፍ ወረቀቱን ይገለብጣል፣ የሰርቭ ተራ ይከታተላል፣ በአንድ ዙር የተፈቀዱትን 6 ቅያሪዎች ይቆጥራል። ተራው ያልደረሰ ተጫዋች ሰርቭ ሲያደርግ መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው። ረዳት መዝጋቢው ደግሞ ሊቤሮው (ለመከላከል ብቻ የሚገባው ተጫዋች) ማንን ተክቶ እንደገባና መቼ እንደወጣ ይመዘግባል። አንድ የውድድር ዘመን እዚያ የተቀመጠ ሰው አቋቋምና ዙረት (ተጫዋቾች በተራ ቦታ መቀያየራቸው) ደሙ ውስጥ ይገባል። ለእሱ ያንን ከባዶ ማስተማር የለብህም።

ሁለተኛው በር ባንዲራዋ ናት። የመስመር ዳኛ 40 በ40 ሴንቲሜትር ባንዲራ ይዞ ጥግ ላይ ይቆማል። ውሳኔው ጠባብ ነው፦ ገባች፣ ወጣች፣ ሰው ነክታ ወጣች። ከአሰልጣኝ ጋር ፊት ለፊት ሳይፋጠጥ የጨዋታውን ግለት ይለምዳል። ሴተር (ለአጥቂ ኳስ የሚያመቻች) ሆነው የተጫወቱትንም አትርሳ፤ የተቃራኒውን ቡድን አቋቋም ሲያነቡ የኖሩ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኔ ትልቅ ነው። ማማው ላይ መውጣት እፈልጋለሁ ስል "ለሴት ጠረጴዛው ይሻላል" ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። በር ያልኩህ ቦታ ለሴቶች ማረፊያ ሆኖ እንዳይቀር። ልብስ የምንቀይርበት የተለየ ክፍል ማዘጋጀትም ከምልመላ ይቆጠራል። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አትመጣም።

ዳኛ መዳቢ፦

ሁለታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። መዝጋቢዎቹን በዚህ ዓይን አይቻቸው አላውቅም ነበር። ግን ጩኸቱስ? ነባሩ አጠገቡ ቢቆምም የሚሰደበው ልጁ ነው።

ነባር ዳኛ፦

እሱን ዳኛው ብቻውን አይችለውም፣ ሊጉ ነው የሚችለው። በህጉ ከዋናው ዳኛ ማብራሪያ መጠየቅ የሚችለው ሜዳ ውስጥ ያለው አምበል ብቻ ነው። አሰልጣኝ አይችልም፣ ወንበር ላይ ያለ ተጫዋችም አይችልም። ይሄንን ከውድድሩ በፊት አሰልጣኞችንና አምበሎችን ሰብስበህ ንገራቸው። ጀማሪውንም ደረጃዎቹን አለማምደው፦ መጀመሪያ በአምበሉ በኩል የቃል ማሳሰቢያ፣ ቀጥሎ ቢጫ። ቀይ ከወጣ ለተቃራኒው ቡድን ነጥብና ሰርቭ ነው።

ዋናው ግን ከዚያ በኋላ የምታደርጉት ነው። ልጁ በሥርዓት ካርድ አውጥቶ ሲያበቃ ከውድድሩ ኃላፊዎች አንዱ ደውሎ "ምን አካበድከው?" ካለው በቃ፣ ሁለተኛ ኪሱን አይነካም። በየቦታው ያየሁት ነው። ትክክል ከሠራ በማግስቱ ደውላችሁ ትክክል ነህ በሉት።

የዛሬውን ዳኝነት ክብደትም አስቡት። ድሮ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ ያደረገው ቡድን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አሁን ያለውን አቆጣጠር ካጸደቀ ወዲህ በእያንዳንዱ ቅብብል ማብቂያ ነጥብ አለ። አንድ የተሳሳተ ፊሽካ ድሮ ሰርቭ ብቻ ሊያሳጣ ይችል ነበር፤ ዛሬ ወዲያው ነጥብ ያሳጣል። ያንን ጫና የሚሸከም ልጅ ከኋላው ሰው ሊኖረው ይገባል።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፦

ከእኛም ወገን ልናገር። እኔ ትልልቆቹ ልጆቼ የትናንሾቹን የልምምድ ጨዋታ በየተራ እንዲዳኙ አደርጋለሁ። አሪፍ ዳኛ የሚወጣው ሁልጊዜ ምርጥ ከሆነው ተጫዋች አይደለም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጨዋታውን አተኩሮ ከሚከታተለው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ክለቡ ራሱ ወደ ኮርሱ ይላከው። ሊጉ ከእያንዳንዱ ክለብ አንድ ሰው ቢጠይቅ ማንም እምቢ የሚል አይመስለኝም።

እውቅናን በተመለከተ የዓመት መጨረሻ የምስክር ወረቀት ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ውጤት ስትለጥፉ የዳኞቹን ስም አብራችሁ ለጥፉ። ክፍያው ትንሽም ቢሆን በዕለቱ ይሰጣቸው፤ ለላቡ ደጅ የሚጠና ሰው አይቆይም። ከሁሉም በላይ የፍጻሜውን ጨዋታ ማን እንደሚዳኝ በምን እንደምትወስኑ ግልጽ አድርጉ። በዕድሜ ተራ ብቻ ከሆነ፣ ጎበዙ ጀማሪ ተራው እስኪደርስ አይጠብቅም።

ከመዝጋቢ ጠረጴዛ፦

ስም መለጠፉን እደግፋለሁ። የመዝጋቢዎቹንና የመስመር ዳኞቹንም ጨምሩ እንጂ።

ዳኛ መዳቢ፦

ይጨመራል። አንድ ችግር ቀረኝ። ነባሮቹ ጥቂት ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ጀማሪ የሚመደብ ሰው የለኝም። ጉልበታቸውን አሟቸው መቆም ያቃታቸው የቀድሞ ዳኞች ግን አሉ። ዳር ተቀምጠው ቢከታተሉና ከጨዋታ በኋላ ቢያነጋግሩትስ? ነባር ዳኛ፣ የመከታተያ ቅጽ ካለህ ብትልክልኝ።

ነባር ዳኛ፦

በደንብ ይሆናል እንጂ። ደስ ብሏቸው ነው የሚመጡት፤ የሚጠራቸው ጠፍቶ ነው። የእኔ ቅጽ ግማሽ ገጽ ናት፤ ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ። ሦስት ጥያቄ ነው ያለባት፦ ዓይኑ የት ነበር፣ ፊሽካው ይሰማል ወይ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ የሚያሻሽላት አንዷ ነገር ምንድን ናት። ለታዛቢዎቹ ግን አስቀድመህ ንገራቸው፤ ጨዋታው እየተካሄደ ከዳር ሆነው ለልጁ ምልክት እንዳያሳዩት።