ለሥዕል መነሣሻ፦ መንፈሳዊ ንባብ ይሻላል ወይስ ባሕር ተሻግሮ መሳለም?

ሠዓሊት ዘጎንደር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ሥዕል ነው። በሸራ ላይ ሥዕለ አድኅኖ እሠራለሁ፤ ምስለ ፍቁር ወልዳ (እመቤታችን ከልጇ ጋር)፣ ጊዮርጊስ፣ ሥላሴ፣ ሰው ካዘዘኝ ደግሞ ገብርኤልና ሠለስቱ ደቂቅ። ቱሪስት በሚበዛበት ጊዜ የደብረ ብርሃን ሥላሴን መላእክት በትንንሽ ብራና ላይ እየሣልኩ ፒያሳ ላሉ ሱቆች አስረክብ ነበር። አሁን ገበያው ቀዝቅዟል። እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ጥያቄዬም ስለሱ አይደለም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እጄ ለምዶታል፣ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ የልብሱን እጥፋት ሳላስብ እጨርሰዋለሁ። ሰው ያምራል ይለኛል፣ ይገዛኛል። እኔ ግን የጨረስኩት ሥዕል ፊት ቆሜ ምንም አይሰማኝም። ይሄ ነገር ለሥዕለ አድኅኖ በጣም ያስፈራኛል፤ ሰው እኮ የሚወስደው ቤቱ ሰቅሎ ሊጸልይበት ነው።

የንስሐ አባቴን ሳማክራቸው «ገድሉን ሳታነቢ ጻድቁን እንዴት ትሥይዋለሽ? አንብቢ» አሉኝ። ውጭ ያለችው ታላቅ እህቴ ደግሞ «አንድ ጊዜ ወጣ ብለሽ ዓለም እይ፣ ትኬቱን እኔ እችልሻለሁ» ብላኛለች። ኢየሩሳሌም ይሁን ግብፅ ወይም ሮም ምርጫውን ለኔ ትታዋለች። ገንዘቡ ግን ቀላል አይደለም፣ ፎቶ ተነሥቼ ለመመለስ ብቻ መሄድ አልፈልግም። በንባብም ሆነ በጉዞ መንፈሱ የተመለሰለት ሰው ካለ በዝርዝር ይንገረኝ። ምን አነበባችሁ? የት ሄዳችሁ? ስትመለሱ ሥራችሁ ላይ ምን ተለወጠ? እባካችሁ «በርቺ» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ።

የልደታዋ፦

እህት ዓለም፣ ትኬቱን የሚችልልሽ ካለ ግብፅ ሂጂ። ኢየሩሳሌም ይቅርብሽ ማለቴ አይደለም፣ እሷን መሳለም የሁላችንም ምኞት ነው። ግን አንቺ ሠዓሊ ነሽና የሠዓሊ ቦታ ልንገርሽ።

የእንጦንስ ገዳም ነው የምልሽ። ከካይሮ ተነሥተሽ ወደ ቀይ ባሕር በኩል ጥቂት ሰዓት በመኪና ትሄጃለሽ፤ መንገዱ በሙሉ በረሃ ነው፣ ገዳሙ ከተራራው ሥር አለ። ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1232 እስከ 1233 ቴዎድሮስ የሚባል ሠዓሊ ከነረዳቶቹ የሣለው ነው። ለብዙ መቶ ዓመት የጧፍና የዕጣን ጥላሸት ሸፍኖት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ ነው ባለሙያዎች በጥንቃቄ ጠርገው ያወጡት። ስትገቢ ፈረሰኞቹ ሰማዕታት ግድግዳው ላይ ተሰልፈው ይጠብቁሻል። መርቆሬዎስን ሳየው ማንም ሳይነግረኝ ነው ያወቅኩት፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው መርቆሬዎስ ነዋ! ከሐዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን ሲወጋ፣ በፈረሱ ላይ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እኔ ከመሄዴ በፊት ስንክሳርን፣ የየዕለቱን ቅዱሳን ታሪክ የያዘውን መጽሐፍ፣ በየቀኑ የማንበብ ልማድ ነበረኝ፣ የዕለቱን ብቻ፣ ጠዋት ቡና ሳይፈላ። እዚያ ስንደርስ አስተርጓሚያችን የነገረን ነገር አለ። ስንክሳራችን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ እዚያው እንጦንስ ገዳም በነበረ ስምዖን በሚባል መነኩሴ ነው። አስቢው እስቲ። ልደታ ቆሜ ሲነበብ የምሰማው፣ ቤቴ የማነበው መጽሐፍ፣ እኔ የቆምኩበት ግቢ ውስጥ ነው ግዕዝ የሆነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስንክሳሩን ሳላነብ ብሄድ ኖሮ እዚያ ግቢ ውስጥ የማየው ቴምርና አጥር ብቻ ነበር።

ከገዳሙ በላይ ደግሞ የአባ እንጦንስ ዋሻ አለ። ከ1,000 በላይ ደረጃ ትወጫለሽ። መግቢያው በጣም ጠባብ ስለሆነ በጎንሽ ነው የምትገቢው።

ሥራሽ ላይ ምን ተለወጠ ላልሽው፣ እኔ የካህናት ልብስ ጥልፍ ነው የምሠራው። ዱሮ ባዶ ቦታ አልወድም፣ ወርቁን ክር እስኪጠግብ ነበር የምሞላው። ከዋሻው ደጅ ሆኜ በረሃውን ሳየው ግን ያለው ሦስት ቀለም ብቻ ነው፣ አሸዋው፣ ሰማዩና የድንጋዩ ጥላ። ከተመለስኩ ወዲህ በመስቀሉ ዙሪያ ባዶ ጨርቅ እተዋለሁ። አንድ ቄስ «መስቀሉ አሁን ከሩቅ ይታያል» አሉኝ። ለኔ ከዚያ የበለጠ ደመወዝ የለም።

አስጎብኚው፦

ሰላም እህቴ። ጉዞውን አልቃወምም፣ እኔ ራሴ እንግዳ እያስጎበኘሁ ነው የምኖረው። ግን አንድ ነገር ከመወሰንሽ በፊት እንድታውቂ ፈልጌ ነው።

አንቺ የምትከተያቸው የጎንደር ሠዓሊዎች ባሕር ተሻግረዋል ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም። መጽሐፉና ሥዕሉ ናቸው ወደነሱ የመጡት። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ውስጥ ሥዕል ያለበት ዐረብኛ ወንጌል ታትሞ ነበር፤ ያ ወንጌል እዚህ ደርሶ ሠዓሊዎቻችን የሥዕሎቹን አቀማመጥ ወስደውበታል። ልብሱን የኛ አደረጉት፣ ፊቱን የኛ አደረጉት፣ ቀለሙን ከራሳቸው ጨመሩበት። ምስለ ፍቁር ወልዳንም እይ። እመቤታችን ቀኝ እጇን በግራዋ ላይ አድርጋ፣ ሁለት ጣቷን ዘርግታ፣ በግራዋ መሐረብ ይዛ ስትሥያት፣ ያ አኳኋን ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ካለችው ጥንታዊት ሥዕል የመጣ ነው። ቅጂውን ያመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ናቸው። ዐፄ ፋሲል ሰዎቹን አባረሯቸው፣ ሥዕሏ ግን ቀረች፣ ሕዝቡ ወደዳት። የኛዎቹ የሆነ ጥቁርና ነጭ ኅትመት ፊት ተቀምጠው ስንት ቀን እንደፈጀባቸው እንጃ፣ ግን ዝም ብለው እንዳልገለበጡ ከሥራቸው ይታያል።

ስለዚህ እኔ የምልሽ መጀመሪያ ቁስቋም ውጪ። ለስንተኛ ጊዜ ልትይኝ ትችያለሽ። ግን መጽሐፍ ይዘሽ ወጥተሽ ታውቂያለሽ? እቴጌ ምንትዋብ እዚያ ተራራ ላይ ቤተ ክርስቲያኑንና ቤተ መንግሥቷን ስታሠራ ስሙን የወሰደችው ከላይኛው ግብፅ ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት የተቀመጠችበት ደብረ ቁስቋም። ግብፆቹ ዛሬም እዚያ ገዳም አላቸው፣ ደይር አል ሙሐረቅ ይሉታል፣ በጥንት ጊዜ ሐበሻ መነኮሳትም ይኖሩበት ነበር። ምንትዋብ ግብፅ መሄድ ባትችል ቦታውን ወደ ጎንደር አመጣችው። የሷም አፅም እዚያው ነው ያለው። ጀምስ ብሩስ እንኳን እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ከገባ በኋላ የተቀመጠው ቁስቋም ነው፣ የቤተ መንግሥቱን ልጆች ፈንጣጣ ያከመውም እዚያ።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ማኅሌተ ጽጌን፣ የእመቤታችንን የምስጋና መጽሐፍ፣ ይዘሽ ውጪ። ስለ ስደቷ የሚለውን ክፍል እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ አንብቢው፣ የፈረሰው ግንብ ላይ የተቀረጹትን መስቀሎች እያየሽ። ከዚያ በኋላ ልብሽ ካልተነካ ትኬቱን ቁረጪ።

ዘበአታ፦

እንደምን ነሽ እህታችን። የበአታ አቋቋም ተማሪ ነኝ፣ ከዚያ በፊት ቅኔ ቤት ነበርኩ። ሁሉም የት እንደምትሄጂ ነገሩሽ፣ እንዴት እንደምታነቢ ግን ማንም አልነገረሽም።

ገድል ጥሩ ነው። ግን ገድል ታሪኩ ስለሚስብሽ እንደ ልብ ወለድ ቶሎ ቶሎ ታነቢዋለሽ፣ በነጋታው ሥዕሉ ላይ የምታክይው ተአምር ብቻ ታገኛለሽ። እኔ የምመክርሽ ማር ይስሐቅን ነው። የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሹሞ ሹመቱን በጥቂት ወር ትቶ ገዳም የገባ አባት ነው፣ ከንባብ ብዛት ዓይኑ ጠፋ ተብሎ ይተረክለታል። በአንድምታ ትርጓሜው ውሰጂው፣ አማርኛው ይገባሻል። ጠዋት ስልክ ሳትነኪ፣ ድምፅ አውጥተሽ፣ አንድ አንቀጽ ብቻ። ደግመሽ አንብቢው። ከዚያ ዝጊውና ወደ ሥራሽ ሂጂ። በቀን ብዙ ገጽ ለመጨረስ አትሩጪ፣ እሱ መጽሐፍ ለዚያ አልተጻፈም።

የቅኔ ቤቱን ደግሞ ልጨምርልሽ። ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር ሲል ብቻውን ጫካ ወይም ዛፍ ሥር ይሄዳል። ማታ መምህሩ ፊት የሚያቀርበው አዲስ መሆን አለበት። የትናንቱን ይዞ የመጣ ወዲያው ይነቃበታል። ይሄ በየቀኑ ነው። አንዳንድ ቀን ባዶህን ትመጣለህ፣ ታፍራለህ፣ በነጋታው ግን ዓይንህ ተከፍቶ ነው የምትሄደው፣ ጉንዳኑንም ቅጠሉንም እያየህ። አንቺም ለሱቅ ከምትሠሪው ውጭ ለማንም የማትሸጪው፣ አዲስ የሆነ፣ ትንሽ ሥዕል በየሳምንቱ ሥሪ። የምታነቢው ነገር የሚወጣበት ቀዳዳ ያስፈልገዋል።

የአዲስ ዓለም ልጅ፦

ሰላም እህቴ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጥያቄሽ ግን የኔም ጥያቄ ስለነበር ልጽፍልሽ ወደድኩ። የዐረብኛ የቁም ጽሕፈት ነው ሙያዬ፣ ለመስጊድና ለሰው ቤት እጽፋለሁ። እጅ ለምዶ ልብ ሲቀር ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

ዑምራ ከመሄዴ በፊት የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ (የሕይወት ታሪክ) ቀስ ብዬ አነበብኩ፣ ሐዲስም እንዲሁ። ቡኻሪ በሚባለው የሐዲስ መጽሐፍ ውስጥ ነቢዩ በየቅዳሜው ወደ ቁባ መስጊድ በእግር ወይም በእንስሳ ተቀምጠው ይሄዱ ነበር የሚል አለ። ትንሽ ሐዲስ ናት፣ ሰው ያልፋታል። እኔ ያዝኳት። መዲና ስንደርስ አብረውኝ የነበሩት ወደ ገበያ ሲወጡ እኔ ቅዳሜን ጠብቄ ከፈጅር (የንጋት) ሶላት በኋላ ከነቢዩ መስጊድ እስከ ቁባ በእግሬ ሄድኩ። ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፣ ለእግረኛ የተሠራ መንገድ አለው። ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ልጆች ነበሩ፣ እርግብ ነበረ። ምንም ተአምር አላየሁም። እግሬ ግን ያነበብኩትን ነገር እየሠራ ነበር።

ተመልሼ ብዕር ስይዝ የለወጥኩት ፍጥነቴን ነው። አሁን አንዷን ፊደል ሳልጨርስ ስለሚቀጥለው አላስብም። ደንበኛ ይቸኩላል፣ እኔ ግን ቀን ጨምሬ ነው የምቀጥረው።

ምክሬ አንድ ነው። ብዙ ቦታ አትያዢ። ግብፅም ኢየሩሳሌምም ሮምም በአንድ ጉዞ ከሚሉሽ ሰዎች ራቂ። አንድ ያነበብሽው ነገር ምረጪ፣ እሱ የሆነበት ቦታ ሂጂ፣ እዚያ ቆዪ።

ሠዓሊት ዘጎንደር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። የንስሐ አባቴም እህቴም ትክክል እንደሆኑ አሁን ገባኝ፣ ቅደም ተከተሉ ነበር የጠፋኝ።

እንዲህ አስቤያለሁ። ማር ይስሐቅን ከነገ ጀምሬ፣ ስንክሳርም የዕለት የዕለቱን። በጽጌ ቁስቋም እወጣለሁ። ግብፅን ደግሞ ለጥር ላድርገው፣ ጥር 22 የአባ እንጦንስ በዓል አይደል? ሮም ለጊዜው ይቅር፣ ሥዕሏን ለማየት ብጓጓም። የልደታዋ እህቴ፣ እዚያ ግድግዳው ፊት ቁጭ ብሎ በእርሳስ መንደፍ ይፈቀዳል? ደግሞ በዓሉ ቀን ይሻላል ወይስ ሌላ ቀን?

የልደታዋ፦

አዎ ጥር 22 ነው፣ የነሱም በዚያው ቀን ነው የሚውለው፣ ወሩ እኩል ነው የሚሄደው። ግን ለሥዕል ከሆነ በዓሉ ቀን አይመችሽም፣ ሰው ይበዛል፣ ግድግዳውን የምታይው በሰው ትከሻ ላይ ነው። በበዓሉ ተሳለሚና ከበዓሉ በኋላ ሕዝቡ ሲበተን ተመልሰሽ ግቢ። ስለ መንደፉ ለመነኮሳቱ ሠዓሊ መሆንሽን ንገሪያቸው፣ ከኢትዮጵያ ነኝ በያቸው፣ የሠራሽውን አንድ ትንሽ ሥዕል ይዘሽ ሄደሽ አሳያቸው። ፎቶም ቢሆን ሳትጠይቂ አታንሺ።

ጥር ጥሩ ወር መርጠሻል፣ በጋው ላይ በረሃው አይቻልም። ማታ ግን ብርድ አለ፣ ጋቢ ያዢ። ዐቢይ ጾም ከገባ ብዙ ገዳማት እንግዳ ስለማይቀበሉ ጉዞው ወደዚያ እንዳይገፋብሽ ቪዛውን ቀደም ብለሽ ጀምሪ። ደረጃውን የምትወጪው ጎሕ ሲቀድ ይሁን፣ ውኃ ይዘሽ።

አስጎብኚው፦

ቁስቋም ስትወጪ ንገሪኝ። የጽጌ እሑዶች ላይ እዚያው ነኝ፣ ግንቡን አዙሬ አሳይሻለሁ፣ ክፍያ የለውም። የ1591ዱን ወንጌል ሥዕሎች ቅጂ በስልኬ ይዣቸዋለሁ፣ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ጋር አብረን እናስተያያቸዋለን።