ፎቶ ጋዜጠኛ ጽሑፉንም ይጽፋል ወይስ ፎቶውን ብቻ ያስረክባል?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንዳንድ ዜና ላይ የጸሐፊውና የፎቶ አንሺው ስም ለየብቻ ተጽፎ አያለሁ፤ ሌላው ላይ ደግሞ ሁለቱም አንድ ሰው ነው። ፎቶ ጋዜጠኛ መሆን የሚፈልግ ሰው ዜና መጻፍም ይጠበቅበታል? ብዕሩ ደከም ያለ ሰውስ በዚህ ሙያ ይዘልቃል?

የፎቶ ዴስክ፦ እንደሚሠራበት ቦታ ይለያያል። እንደ ሮይተርስ፣ አሶሺየትድ ፕሬስና ኤኤፍፒ ባሉ ትልልቅ ዜና ወኪሎች ዜናውን በአብዛኛው የሚጽፈው ዘጋቢው ነው። አነስተኛ ጋዜጣ ላይ ግን አንድ ሰው ሁለቱንም ይዞ ይወጣል። በግሉ የሚሠራም ቢሆን ጽሑፍና ፎቶ አጣምሮ ሲያቀርብ አርታኢ ማሳመን ይቀለዋል።

ከፎቶ መግለጫ (ካፕሽን) ግን ማንም አያመልጥም፤ እሱ ራሱ ዘገባ ነው። ዘጋቢ በስልክም መረጃ ያሰባስባል፤ ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ የሚችለው ግን እዚያው የቆመው አንሺ ነው። የተለመደው አጻጻፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው ማን፣ ምን ሲያደርግ፣ የት፣ መቼ የሚለውን ይይዛል፤ ቀኑም ከነዓመተ ምሕረቱ ይጻፋል፤ «ባለፈው ማክሰኞ» ማኅደር ውስጥ ከገባ በኋላ ለማንም አይጠቅምም። ሁለተኛው ፎቶው የማያሳየውን ምክንያት ይናገራል። «ልቧ የተሰበረ እናት» ብሎ መጻፍ ትልቅ ስህተት ነው፤ እናት መሆኗን ካልጠየቅክ አታውቅም፣ ልቧንም ካሜራ አያይም። «ጎርፍ ከገባበት ቤቷ እርጥብ ፍራሽ ስታወጣ» ብትል ግን የታየውን ብቻ ተናገርክ፤ አንባቢው የቀረውን ራሱ ይረዳዋል።

ማስታወሻ ደብተር፦ ከላይ የተባለው ትክክል ነው። ብዙው ስህተት የሚፈጠረው ስም አያያዝ ላይ ስለሆነ እሱን ልጨምር። ሰውየው ስሙን በራሱ እጅ ደብተርህ ላይ ይጻፍልህ፤ ወዲያው ገጹን ፎቶ አንሳው። እንዲህ ከሆነ ስሙ በሰዓት ቅደም ተከተል ከሰውየው ፎቶ ቀጥሎ ይገኛል። ብዙ ሰው ካለ ከግራ ወደ ቀኝ መዝግብ፣ መለያም ጨምር፦ «ቀይ ሻርፕ፣ መነጽር»፤ ሰዎቹ በሚቀጥለው ፍሬም ቦታ ይቀያየራሉና። በሁለት ካሜራ የምትሠራ ከሆነ ሰዓታቸውን ቀድመህ አስተካክል፤ አለዚያ ፋይሎቹ ሲደረደሩ ይደበላለቁና ስሙ የሌላ ሰው ፎቶ ላይ ይለጠፋል።

ስም ሳይያዝ ሲቀር ጣጣው ረጅም ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ጆ ሮዘንታል በ1945 እ.ኤ.አ. በጃፓን ደሴት ኢዎ ጂማ ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ሲተከል ያነሳው ዝነኛ ፎቶ ላይ ያሉት ስድስት ወታደሮች ማንነት በ1947፣ በ2016 እና በ2019 እንደገና ታርሟል። ይህ ሁሉ ጦርነት መሐል ስለነበረ አንሺውን አልወቅስም፤ ጊዜ ያለው ሰው ግን ምክንያት የለውም።

ጀማሪው፦ በጣም አመሰግናለሁ! መግለጫው በሌላ ፋይል ነው የሚላከው ወይስ ፎቶው ውስጥ?

የፎቶ ዴስክ፦ ፎቶው ውስጥ፣ አይፒቲሲ በሚባለው ሜታዳታ (ከፎቶው ፋይል ጋር አብሮ የሚቀመጥ የጽሑፍ መረጃ)። መግለጫ፣ አንሺ፣ ክሬዲት፣ ከተማ፣ አገርና ቀን የየራሳቸው ቦታ አላቸው። እንደ ፎቶ ሜካኒክ ባለ ፕሮግራም የጋራውን ክፍል አንዴ ሞልተህ ፎቶዎቹን ከካርዱ ስትገለብጥ በሁሉም ላይ ታሳርፈዋለህ፤ ከዚያ ስሞቹን በየፎቶው ትጨምራለህ። አደጋው የትናንቱ ቅጽ ሳይቀየር መቅረቱ ነው፤ የዛሬው ፎቶ በትናንቱ ከተማና ቀን ይወጣል። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ስትልክ ደግሞ እንደ ፋይል አድርገህ ላክ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከሄደ ሜታዳታው ይጠፋል።

ማስታወሻ ደብተር፦ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሙሉ ጽሑፍም ከጠየቁህ የጽሑፉ ክፍያ ከፎቶው ለብቻ መሆኑን ሥራውን ሳትጀምር ተስማማ። ቃለ መጠይቁንም ከቀረጻው በፊት ወይም በኋላ አድርገው፤ ዓይንህ ሌንሱ ላይ እያለ የሰማኸውን ቃል በቃል መያዝ አትችልም።