አፋቸው ይከራከራል፣ ብዕራቸው ይተርካል

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ 11ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 62 ተማሪ አለኝ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ከምናነበው መጽሐፍ የተመረጡ ገጾችን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለአራት ለአራት አካፍላለሁ።

አሁን የያዝነው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ ያለውን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳን ነው። ኃይለ ቃል (የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዘው ዓረፍተ ነገር) ምንድን ነው ብላችሁ ተማሪዎቼን ጠይቋቸው፣ ትርጉሙን እንደ ዳዊት ይደግሙላችኋል። አንድ የትንተና አንቀጽ ጻፉ ስላቸው ግን «ጉዱ ካሳ ባላባቶችን የሚተች ሰው ነው» ይሉና ታሪኩን ከሥር ጀምረው ይተርኩልኛል። እኔ እኮ ታሪኩን አንብቤዋለሁ!

መጀመሪያ «ደራሲው በ… አማካይነት … ያሳያል» የሚል ክፍት ዓረፍተ ነገር ሰጠኋቸው። 62 መንታ ወረቀት ሰበሰብኩ። ቀጥሎ «ጓደኛችሁ አልስማማም ሊላችሁ የሚችለውን ሐሳብ ብቻ ጻፉ» አልኩ፤ ግራ ተጋቡ። ባለፈው ሳምንት ወረቀቱን ትቼ «ጉዱ ካሳ እብድ ነው ወይስ በመንደሩ ያለ ብቸኛ ጤነኛ?» ብዬ በቃል አከራከርኳቸው። ክፍሉ ተናጋ። ከኋላ ወንበር ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ ፎቶ ኮፒውን ከፍታ «ይኸው እዚህ ጋ የሚናገረውን እዩ» ብላ ሞገተች። ማስረጃ ማለት ይኸው ነበር! በማግስቱ ያንኑ ጻፉ ስላቸው፣ እሷም ጭምር፣ ተመልሰው ተረት።

ስለዚህ የቃል ክርክሩ ሳይበርድ፣ በዚያው 40 ደቂቃ ውስጥ፣ ወደ አንድ ኃይለ ቃልና አንድ ማስረጃ ለማሻገር በእንዲህ ዓይነት ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል የሠራላችሁ መልመጃ የትኛው ነው?