ሆስፒታልን ማን ይምራው? ሐኪም ወይስ አስተዳደር የተማረ?

የድንገተኛዋ ነርስ፦
ሰላም ቤተሰብ። ስምንት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። አምስቱን ድንገተኛ ክፍል ነው ያሳለፍኩት። ዘንድሮ የማስተርስ ዕድል ሲመጣልኝ የሆስፒታልና የጤና አገልግሎት አስተዳደር ልማር አሰብኩ። ይህን ለሜዲካል ዳይሬክተራችን ስነግረው ሳቀ። «ሆስፒታል የሚመራው በሐኪም ነው። አንቺ ተምረሽ የማን አለቃ ልትሆኚ ነው?» አለኝ። ቀልዱን ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ሳብሰለስለው አደርኩ። እውነት ከሐኪም ውጭ ሌላ ሰው ሆስፒታል መምራት አይችልም? ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ። ስድብ ግን አልፈልግም፣ እሱ ሥራ ቦታ ይበቃኛል።

ሰርጀኑ፦
መሳቁ አላማረኝም። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ በጓንት ላስረዳሽ። ሥራ አስኪያጃችን ማኔጅመንት የተማረ ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ቂም የለኝም። አንድ ጊዜ የቀዶ ጥገና ጓንት በብዛት ገዛልን፣ ሁሉም 8 ቁጥር። ሪዚደንቷ፣ ማለት ስፔሻላይዝ በማድረግ ላይ ያለችው ሐኪማችን፣ የምትለብሰው 6 ተኩል ነው። ትልቅ ጓንት ትንሽ እጅ ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ጣቱ ጫፍ ላይ ይጨማደዳል። ክር ስትቋጥር ጓንቱንም አብራ ትቋጥረዋለች። ሄጄ ስጠይቀው «በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈው እሱ ነው» አለኝ። ወረቀቱ ልክ ነው፣ ተቃውሞ የለኝም። ግን ሆድ ከፍቶ የማያውቅ ሰው የጓንት ቁጥር ቁም ነገር መሆኑን ከየት ይወቅ? እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናትም አለ። የአሜሪካን ስመ ጥር ሆስፒታሎች ሲያወዳድር፣ ሐኪም የሚመራቸው በጥራት ነጥብ ከፍ ብለው ተገኝተዋል።

ፋይናንስ ቤት፦
ዶክተር፣ ጥናቱን ከጠቀሱ ሙሉውን ይጥቀሱት እንጂ። ሐኪም ስለመራቸው ጥሩ ሆኑ ወይስ ጥሩ ስለሆኑ ስመ ጥር ሐኪም ሳቡ፣ ጥናቱ ይህን አይለይም። አጥኚዋ ራሷ ብላዋለች።

ጓንቱ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስፔስፊኬሽኑን፣ ማለት የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር መግለጫ፣ ማን ጻፈው? ጠያቂው ክፍል ነው የሚጽፈው። «ሰርጂካል ጓንት፣ ይህን ያህል ካርቶን» ብቻ ተብሎ ከመጣ ግዥ ቁጥሩን በህልሙ ይየው?

አሁን የኔን ስሙ። ከዚህ በፊት የሠራሁበት ሆስፒታል ሥራ አስኪያጁ ሐኪም ነበር፣ የማህፀን ሐኪም። ጎበዝ፣ እጁ የተባረከ። ቼክ በሁለት ፊርማ ነው የሚወጣው፣ አንዱ የሱ ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተሩ ተነሳ። ናፍጣው ለአራት ሰዓት እንኳ አይበቃም። ቼኩን ይዤ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ቆምኩ። መግባት አይቻል፣ መጥራት አይቻል። ኦፕራሲዮኑን የምታግዘው ስክራብ ነርስ በበሩ መስታወት ብቅ ብላ በእጇ «ገና ነው» ትለኛለች። አንድ ሰዓት ተኩል። የሚገርማችሁ፣ እሱ የሚሠራበት መብራት ከዚያው ጀነሬተር ነው! ሰውየው አላጠፋም። የሰው ሆድ ከፍቶ ትቶ ለቼክ ይውጣ? ጥፋቱ ሁለት ሙሉ ሥራ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መጫኑ ነው።

ሥራው ደግሞ የዱሮው አይደለም። ዱሮ ሆስፒታሉ ከታካሚ የሰበሰበው ገንዘብ ለመንግሥት ካዝና ነበር የሚገባው። የጤና ፋይናንስ ማሻሻያው ከመጣ ወዲህ እዚያው ይቀራል። ቦርድ እያጸደቀው ለመድኃኒት፣ ለዕቃ፣ ለጥገና ይውላል። በላዩ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መጣ። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ነው የተጀመረው፣ ዛሬ ብዙው ታካሚያችን በሱ ነው የሚመጣው። እኛ መጀመሪያ እናክማለን፣ ከዚያ ወረዳውን ሒሳብ እንጠይቃለን። ያ ገንዘብ ሲዘገይ መድኃኒት ቤቱ ይራቆታል። ይህን ማን ይከታተል? ሦስት ኦፕራሲዮን ያለበት ሰርጀን?

ጡረተኛው ጤና መኮንን፦
ልጆች፣ ትንሽ የኋላ ታሪክ ላክልበት። በኛ ጊዜ ሆስፒታሉን የሚመራው ሜዲካል ዳይሬክተሩ ነበር። ጠዋት ያክማል፣ ከሰዓት የጥበቃና የጽዳት ሠራተኛ ይዳኛል፣ ማታ ተረኛ ነው። ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ነው «ሲኢኦ» (ዋና ሥራ አስፈጻሚ) የሚባለው የመጣው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከዬል ዩኒቨርሲቲና ከክሊንተን ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርስ ከፈተ። ተማሪዎቹ ሥራ ላይ ያሉ የሆስፒታል ኃላፊዎች ነበሩ። ጅማ መጥተው ይማራሉ፣ ተመልሰው ሆስፒታላቸው ላይ ይሠሩታል። በ2002 ዓ.ም ደግሞ የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ወጣ። ቦርዱ፣ ፋርማሲው፣ ካርድ ክፍሉ፣ ልብስ እጥበቱ ሳይቀር እንዴት እንደሚመራ የሚናገር ወፍራም ጥራዝ ነው። ስንቱ እንዳነበበው እግዜር ይወቀው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የቀድሞዋ ጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ናቸው። ግን የጤና አስተዳደር ማስተርስም አላቸው፣ ከዚያው ከጅማ። ስፔሻሊስትነቴ ይበቃኛል አላሉም። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ደግሞ የሕክምና ዶክተር አይደሉም፣ ዶክትሬታቸው በማኅበረሰብ ጤና ነው። ጤና ጥበቃን መሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትን እየመሩ ነው። ሰዎቹን ውደዱ ጥሉ፣ እሱ የናንተ ጉዳይ ነው። «ያለ ሐኪም አይሆንም» የሚለው ግን ዱሮ ወድቋል።

ካርድ ክፍል፦
እናንተ አለቃ ምረጡ፣ እኔ ካርድ ልፈልግ 😂

ከምር ግን፣ አንድ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣብን። ሐኪም አይደለም። የመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ ካርድ ክፍል በርጩማ ላይ ቁጭ ይላል። አይናገርም። ሰዓቱን እያየ ይጽፋል። እኛ ሰላይ ነው አልን፣ ሻይ እንኳ የጋበዘው የለም። ለካ አንድ ካርድ ለማግኘት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብን እየቆጠረ ነው። አንዲት እናት ካርዷ ጠፋ እየተባለ ሦስት ጊዜ አዲስ ወጥቶላታል። የደም ግፊቷ ታሪክ ሦስት ቦታ ተበትኗል። ሐኪሙ በየጊዜው እንደ አዲስ ይጀምራታል። ሰውየው ምን አደረገ? መደርደሪያውን በካርዱ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዝ አስደረደረው። ማታ ማታ በየተመላላሽ ክፍሉ ዞሮ የቀረ ካርድ የሚለቅም አንድ ሰው መደበ። በቃ። ብር አልወጣበትም። ሰልፉ ግን ቀነሰ። ዶክተሮቹም ዘመድ ለማሳከም በጓሮ በር ካርድ ማስወጣት ተዉ።

ሰርጀኑ፦
የመጨረሻዋ ለኔ ናት፣ ገብታኛለች። ስፔስፊኬሽኑ ላይም እጅ ሰጥቻለሁ፣ ሄጄ አየሁት፣ ቁጥሩ አልተጻፈም። የኛው ክፍል ነው ያበላሸው። ግን ሙሉ በሙሉ አልተረታሁም። እኔን የሚያስፈራኝ የተማረው አስተዳዳሪ አይደለም። ሕክምናውንም አስተዳደሩንም ሳያውቅ በትውውቅ የሚሾመው ነው። «ሐኪም ይምራ» የምንለው ግማሹ ከሱ ለመሸሽ ነው። ቢያንስ ሐኪሙ ኦክስጅን ሲያልቅ ይደነግጣል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ብዙ ሐበሻ በነርስ ረዳትነት (ሲኤንኤ) ወይም ሰው ቤት ሄዶ በመንከባከብ (ሆም ኬር) ይጀምራል፣ ከዚያ ነርስነት፣ ከዚያ ጥቂቱ ወደ አስተዳደር። የነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) አስተዳዳሪ ለመሆን የግዛቱ ፈቃድ ግድ ነው፣ ፈተና አለው። ሐኪም መሆን ግን አይጠየቅም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የጤና አገልግሎት ሥራ አስኪያጆች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 110,680 ዶላር ነበር። ያጓጓል። ግን ሌላውንም ልንገርሽ እህቴ። እኔ በሠራሁበት ቦታ ስብሰባው ሲበዛ ነርሱ ሲሳሳ አይቻለሁ። ፎቁ ላይ ሦስት ማናጀር፣ ታች ለሃያ አራት አረጋዊ ሁለት ሰው። ሽንት የነካው አንሶላ ሳይቀየር ስለ አንሶላ ሪፖርት ይጻፋል። የምትማሪ ከሆነ ወደ ዋርድ መውረዱን አትተዪ።

ማትሮኗ፦
እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ሁላችሁም ስለ ሐኪምና ስለ ማናጀር ታወራላችሁ። ጠያቂዋ ነርስ ናት! 24 ሰዓት ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው ማነው? አልጋ ስንት ባዶ እንደሆነ፣ የትኛው ሞኒተር እንደሚዋሽ፣ ማን ተረኛ ሆኖ እንደሚተኛ የሚያውቀው ማነው? ነርስ ናት። የጎደላት የበጀት ቋንቋ ነው፣ እሱ ይማራል። «የማን አለቃ ልትሆኚ ነው» ላለሽ ሰው መልሱ ቀላል ነው፣ ያንተ በይው 😄

ጡረተኛው ጤና መኮንን፦
ኧረ እንዲህ አትበይው ልጄ፣ የድጋፍ ደብዳቤሽ እሱ ጋር ነው።

የድንገተኛዋ ነርስ፦
ጋሼ በጊዜ ደረሱልኝ 😂 ደብዳቤውን ዛሬ ጠዋት ፈረመልኝ። «ስትመለሺ ጀነሬተሩን አንቺ ትረከቢያለሽ» አለኝ፣ ይህን እያነበበ ይሆን እንዴ? ቅጹን ሞልቼ አስገብቻለሁ። ካርድ ክፍሏ፣ ከመሄዴ በፊት አንድ ጠዋት በርጩማ ይዤ እመጣለሁ፣ ሻይ በኔ። ሰርጀኑ፣ እስከዚያው የግዥ መጠየቂያውን አብረን እናስተካክለው። የእጅዎ ቁጥር ስንት ነው?

ሰርጀኑ፦
7 ተኩል። የሪዚደንቷን 6 ተኩል ከላይ ጻፊው።